አራት ሰዓት የፈጀችው ንግሥት

በሕይወቴ ፊልምን በርዝመቱ የመረጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታሪኩ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ማን እንደሚሠራበትም ግድ አልሰጠኝም። ሽንኩርት እንደሚገዛ ሰው ክብደቱን ብቻ ነበር ያየሁት።

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ አሮጌ ፊልም ብቻ የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ነበር። የወሩን ፊልሞች ዝርዝር ቢጫ ወረቀት ላይ እያተመ በየሱቁ መስኮት ይለጥፋል። ከእያንዳንዱ ፊልም ስም አጠገብ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ተጽፏል። ጣቴን ከላይ ወደ ታች እየነዳሁ ፍልሰታ የገባ ሰሞን ያለውን እሑድ ፈለግኩ። ስለ ጥንቷ የግብጽ ንግሥት የተሠራ ፊልም ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ዓለሙ ሁሉ ያወራለት፣ አዲስ አበባ ሲመጣ ታላላቆቻችን አይተውት እኛ «ገና ናችሁ» የተባልንበት። አራት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ይጀምራል።

«ይቺ ትሆናለች» አልኩ።

አጠገቤ የቆሙት ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን ተጠግተው አዩ። «መሀሏ ላይ ዕረፍት አላት?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላት።»

«እንግዲያው በዕረፍቱ ሰዓት ልጅቷን ከስልክ ጠብቂያት» አሉኝ።

ልጅቷ የተባለችው አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ናት። እናቷ አዲስ አበባ ካረፉ ሦስት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ተቀብረዋል፣ ሰልስታቸውም ወጥቷል፤ እሷ ግን አልሰማችም። ወሬው ከአዲስ አበባ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ዋሽንግተን ዞሮ ጋሼ ጆሮ የገባው ሐሙስ ዕለት ነው። ጋሼ የምላቸው የሁላችንም ጋሼ ናቸው። አገር ቤት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሎስ አንጀለስ ታክሲ ይነዳሉ። በከተማው ያለ ሐበሻ መርዶ ሲኖርበት የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ የሾማቸው ድምፃቸው ነው። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው። እሳቸው ንግግር ሲጀምሩ የሰማ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ማለት ያምረዋል።

እኔ ያን ጊዜ ቤቨርሊ ሂልስ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። መውጫው ላይ ባለች የመስታወት ክፍል ተቀምጬ እውላለሁ። ጋሼ ዓርብ ጠዋት ታክሲያቸውን ይዘው እንደ ደንበኛ ገቡና መስኮቴ ሥር ቆመው ነገሩኝ። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩንባ ይነፋባቸዋል፤ ዘወር ብለውም አላዩት።

«የልጅቷ እናት አርፈዋል» አሉኝ። «እሑድ እንነግራታለን። በማለዳ መንገር ነበር ደንቡ፤ እዚህ ግን ሰው ሁሉ ሺፍት አለበት። ታክሲ ነጂዎቹ ሺፍት ቀይረው የሚሰባሰቡት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ የምትይዢያት አንቺ ነሽ።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዛሬ ቤት ስገባ ቁጭ አድርጌ ብነግራት ምናለበት?»

«ማን ይዟት?»

«እኔ።»

«አንድ ሰው አይበቃም» አሉኝና ትኬታቸውን ሰጥተውኝ ወጡ።

ተናደድኩ። ያኔ እኔ ያገራችንን ልማድ ሁሉ በወንፊት ነፍቼ የማይረባውን የምጥል ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ያወጣሁት ትልቁ ነገር ይኸው ወንፊት ነው፤ ዲግሪውን አልጨረስኩትም። መርዶ ደግሞ ከሚጣሉት መካከል አንደኛው ነበር። ለአዋቂ ሰው እውነቱን በሰዓቱ መንገር ማክበር ነው፤ ደብቆ፣ አስልቶ፣ ሰው ሰብስቦ መንገር እንደ ሕፃን መቁጠር ነው እል ነበር። በተለይ እሷን። ሱዳንን በእግሯ ያቋረጠች፣ ካይሮ ስምንት ወር ሰው ቤት ሠርታ ያለፈች ሴት ናት። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ጠንካራዋ።

ያም ሆኖ የታዘዝኩትን አደረግኩ። ከሥራ ስወጣ ከጋሼ ጋር ፊልሙን መረጥኩ፤ ቤት እንደገባሁም የስልኩን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩና ተበላሽቷል አልኳት። ይህን ያስደረገኝ ካለፈው ዓመት የቀረ ትምህርት ነው። ነዳጅ ማደያ የሚሠራ አንድ ልጅ፣ አባቱ ሞተው ለመርዶ ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ ከዳላስ አንድ ዘመዱ ቸኩሎ ደወለና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ልጁ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ፣ ሰው ቤንዚን ሊቀዳ ተሰልፎ እያየው፣ ብቻውን ሰማ። እስካሁን ያንን ዘመዱን አያናግረውም።

ቅዳሜ ከሁሉም የከፋው ቀን ነበር። የምንኖረው ኢንግልዉድ ነው፤ አውሮፕላኖቹ በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብለው ስለሚያልፉ ሰው በየአራት ደቂቃው ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቃል። እሷ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝታ ለእናቷ ዕቃ ታሰናዳለች። ግራጫ የሱፍ ሹራብ ገዝታላቸዋለች፣ ትልልቅ ቁልፍ ያለው።

«እስኪ ልበሺልኝ» አለችኝ። «ትከሻሽ የእማዬን ያክላል።»

«ይሞቃል» አልኳት። ኦገስት ነበር።

«አንዴ ብቻ።»

ለበስኩት። ወደ ኋላ ሄድ ብላ አየችኝ፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቴ ቆለፈችልኝ፤ እጅጌውን ሳብ ሳብ አደረገችው። «ልክ ነው» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆየሁ። ጋሼን ረገምኳቸው፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ራሴን።

ወንድሟም ሌላ ጭንቀቷ ነበር። አንድ ወንድም ነው ያላት፤ ወታደር ሆኖ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ደብዳቤው ከተቋረጠ አምስት ወር ሆኖታል። እሷ በየሳምንቱ የምትፈራው የእሱን መርዶ ነው። እናቷን ፈርታ አታውቅም፤ እናቷ ጤነኛ ነበሩ።

መርዶው የሚነገረው እኛ ቤት አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እዚያው ኢንግልዉድ፣ አንድ ቤት መርዶ ሲነገር ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ ጠራ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ለቅሶ ማለት ምን እንደሆነ ለፖሊሱ ግማሽ ሰዓት ሲያስረዱት ነበር። ፖሊሱ በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ውሃም ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ነው ለመርዶ ፌርፋክስ ያለው የእትዬ ምግብ ቤት የተመረጠው። እትዬ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ያስጠጋሉ፣ በሩ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ይሰቅላሉ፤ በእሑድ ፀሐይ መንገዱ ላይ ማንም ምንም አይሰማም።

እትዬ የሰጡኝ ትእዛዝ ሁለት ነው። አንደኛው፣ «እህል አስቀምሻት፤ ከሰማች በኋላ አትበላም።» ሁለተኛው፣ «ነጠላዋን ያዢላት። እኔ ዘንድ ትርፍ ነጠላ የለም፤ የጠረጴዛ ልብስ ላልብሳት ነው?»

እሑድ ጠዋት እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ቁም ሳጥኗን ከፍቼ ነጠላዋን አወጣሁ። እናቷ ሽሮ ሜዳ አሠርተው የላኩላት ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ላይ ቀጭን ወርቅማ ክር ያልፍበታል። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ላዩ ላይ ጋዜጣ አደረግኩበት።

ሎንግ ቢች አንድ ሆስፒታል ኩሽና ነበር የምትሠራው፤ ለሕሙማን ምግብ በሳህን ታደርጋለች። ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ጠበቅኳት። የሥራ ልብሷን በከረጢት ይዛ፣ ዓይኗ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው ወጣች።

«ሲኒማ?» አለችኝ። «ዛሬ? ፍልሰታ አይደለም እንዴ?»

«ሲኒማ በቅቤ አይሠራም።»

«እኔ እኮ ከሌሊት ጀምሮ ቆሜያለሁ። እንግዲህ ቤት ሄጄ ልተኛ፤ አንቺ ሂጂ።»

«እዚያ ትተኛለሽ። ወንበሩ ምቹ ነው፤ ኤርኮንዲሽን አለው።»

ሳቀችና ገባች። ፍሪዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ነው የጠየቀችኝ። «የምን ፊልም ነው?»

«የንግሥት። የግብጽ ንግሥት።»

«ፍቅር አለበት?»

«ያለበት ይመስለኛል።»

«ሰው ይሞታል?»

መሪውን ይዤ ደነገጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታሪኩን አስቤው አላውቅም። ትምህርት ቤት እኮ ተምረነዋል፤ አንዱ ጄኔራል በጩቤ ይሞታል፣ ሌላው በሰይፉ ላይ ይወድቃል፣ ንግሥቲቱ በመጨረሻ በእባብ። እኔ ደቂቃ ስቆጥር፣ መርዶ የሚጠብቃትን ልጅ ሬሳ በሬሳ የሆነ ፊልም ላይ ላስቀምጣት ይዣት እየበረርኩ ነው። ወንፊት አለኝ የምለው እኔ ነኝ እንግዲህ።

«ድሮ ነው የሞቱት» አልኳት።

ሲኒማ ቤቱ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር። ፖፕኮርን ገዛሁ፣ ሁለት ትልልቅ። ሻጩ ልጅ ቅቤውን ሊያፈስበት ሲል እጄን ዘርግቼ አስቆምኩት፤ ቅቤ የማይፈልግ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ለስላሳም ገዛሁ፣ ለውዝም ገዛሁ።

«ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለችኝ ወንበራችን ላይ። «አንቺ እኮ ሲኒማ ቤት የሚሸጥ ነገር መርዝ ነው የምትዪው።»

«ብዪ ዝም ብለሽ።»

ፊልሙ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ክፍል ያምር ነበር። መርከቡ፣ ሰልፉ፣ ያ ሁሉ ወርቅ። ንግሥቲቱ በየትዕይንቱ ልብስ ትቀይራለች፤ ዓይኗ እስከ ጆሮዋ ተኩሏል። ጓደኛዬ እንቅልፏ ጠፋና ወደ ጆሮዬ እየተጠጋች አስተያየት ትሰጣለች። «እኔ ካይሮ ስምንት ወር ኖሬ እንዲህ ነጭ ግብጻዊት አላየሁም» አለች። ንግሥቲቱ ዓባይ ላይ በመርከብ ስትንሳፈፍ ደግሞ፣ «የማን ውሃ መሰላት?» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን እኔ ነበርኩ የማላርፈው፤ ሰው ዞር ብሎ እስኪቆጣኝ ድረስ ነው ፊልም የማወራው። ያን ቀን ግን አፌን እንደ ተሰፋ ከረጢት ዘግቼ ሰዓቴን በእስክሪኑ ብርሃን አያለሁ።

ኤርኮንዲሽኑን ረስቼዋለሁ። ውጪው ሙቀት ስለነበረ ሁለታችንም በሸሚዝ ነን። አንድ ሰዓት ተኩል እንዳለፈ ክንዷን ማሸት ጀመረች።

«በረደኝ። ሹራብ ይዘሻል?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ቦርሳዬን ከእግሬ ሥር አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች።

ማድረግ የምችለው ነገር ነበር። ቦርሳውን ልነጥቃት እችል ነበር፤ ዕቃዬን አትንኪ ብዬ ልቆጣት እችል ነበር። አላደረግኩም። ጋዜጣውን አነሳች፤ እጇን ከተተች፤ ነጠላውን ግማሽ ድረስ አወጣችው። ጨለማ ነው፤ ግን ማየት አላስፈለጋትም። ጣቷ ጥለቱን አግኝቶ በዚያ በቀጭኑ ክር ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። የራሷ ነጠላ፣ በእኔ ቦርሳ ውስጥ፣ ሲኒማ ቤት።

አወጣችውና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ፊቷን ወደ ፊልሙ መለሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ንግሥቲቱ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ለዕረፍት መብራቱ ሲበራ ሰዉ ሁሉ ተነሣ። እኛ ተቀምጠን ቀረን። እሷ የተዘጋውን መጋረጃ ታያለች፤ እኔ ጫማዬን።

«ጋሼ ናቸው የላኩሽ?» አለችኝ።

የጫማዬን ገመድ ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

«እትዬ ዛሬ ክፍት ናቸው?»

«ዝግ ናቸው» አልኩ። ምነው ዝም ብዬ በቀረሁ።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዞር ብላ ዓይኔን አየችው። «እማዬ ናት ወይስ ወንድሜ?»

ይኸውላችሁ እንግዲህ። ዓርብ ጠዋት ጥሩንባ እየተነፋብን ከጋሼ ጋር የተሟገትኩበት ነገር። እውነቱን በግልጽ መንገር ነው ማክበር ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም በግልጽ ጠየቀችኝ፤ ዓይኗ ደረቅ ነው፣ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቃሉ አንዲት ናት። አፌን ከፈትኩ።

እጇን አንስታ አፌ ላይ አደረገችው። ጣቷ ጨው ጨው ይላል።

«ተይው» አለችኝ። «አትንገሪኝ። የማርያም መንገድ ስጪኝ።» እጇን መለሰችና ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ፊልሙ ስንት ሰዓት ቀረው?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ።»

«እንግዲያው ሁለት ሰዓት ሁለቱም አሉልኝ» አለች።

መብራቱ ጠፋ። ስለ ሁለተኛው ክፍል ብዙ የምነግራችሁ የለኝም፤ ያየሁት እሷን ነው። ፖፕኮርኑን አንድ በአንድ በላችው፣ እስከ መጨረሻው። የበላችው ርቧት አይደለም፤ እትዬ ምን ብለው እንደላኩኝ ስለምታውቅ ነው። ለውዙንም በላች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር፤ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። በኋላ፣ ብዙ ወር ቆይታ ነው የነገረችኝ። የምትሰናበተው ማንን እንደሆነ ስለማታውቅ ጊዜውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ከእናቷ ጋር፣ ግማሹን ከወንድሟ ጋር ስታወራ ነበር።

አንድ ቦታ ብቻ አስታውሳለሁ። ንግሥቲቱ ጄኔራሉን ፈርታ ወይም ተቀይማው፣ «ሞታለች ብላችሁ ንገሩት» ብላ ሰው ትልክበታለች። የሐሰት መርዶ ማለት ነው። የተላከው ሰው ይገባል፤ ጄኔራሉ ቆሟል፤ ሰውየው እዚያው እንደቆመ ይነግረዋል። ይኸው ነው። ወንበር የለም፣ ዘመድ የለም፣ ውሃ የያዘ የለም።

ጓደኛዬ ወንበሯ ላይ ቀና አለች። «መርዶ እንዲህ አይነገርም» አለች፣ በሹክሹክታ ሳይሆን በድምፅ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ዞረ። «ቆሞ? ብቻውን? የሚይዘው ሰው የለም እንዴ?»

ጄኔራሉ ሰይፉን መዘዘ።

«አየሽ!» አለች። «ስላልያዙት ነው።»

እጇን ፈልጌ ያዝኩ። ነዳጅ ማደያው ውስጥ ስልክ ይዞ የቆመው ልጅ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ልማድ እያልኩ የናቅኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው፤ ልብ ሲወድቅ የሚቀበለው ክንድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ዓርብ ዕለት የፈለግኩት እሷን ማክበር ነው ብል እዋሻለሁ፤ የፈለግኩት ሸክሙን ከራሴ ላይ ማውረድ ነበር። አፈርኩ። ንግሥቲቱ መቼ እንደሞተች ሳላይ መብራቱ በራ።

ከሲኒማ ቤቱ እስከ እትዬ ምግብ ቤት በመኪና ትንሽ ነው። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ደጁ ላይ ታክሲዎች ተደርድረዋል፣ ሰባት ናቸው፣ በእሑድ ቀን፣ በዝግ ምግብ ቤት ፊት። ይህን አይቶ ያልገባው ሐበሻ ካለ ዓይነ ስውር መሆን አለበት። ጎን ላይ ፓርክ አደረግኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

እሷ ጆሮ ጌጧን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ዘረጋችው፤ ገለበጠችው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ለሐዘን እንደሚለበሰው፣ ራሷ ለበሰችው። እጇ አልቸኮለም።

«በይ ያዢኝ» አለችኝ።

ክንዷን ይዤ ገባን። ሰዉ በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጧል፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ጋሼ ተነሥተው መሀል ላይ ወደተዘጋጀው ወንበር መሯት፤ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ቆሙ።

«ልጄ» አሉ በዚያ ድምፃቸው። «እናትሽ አርፈዋል።»

መጀመሪያ አላለቀሰችም። «ወንድሜ አለ?» አለች።

«ወንድምሽ ደህና ነው። ሰላም እንደሆነ ሰምተናል።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲያልፍ አየሁ፤ ደስታ ነው ብል ሰው ይፈርድባታል፤ ግን አየሁት። ወዲያው ጮኸች፤ ከወንበሩ ወደ ፊት ወደቀች። ጋሼ ልክ ነበሩ። አንድ ሰው አይበቃም ነበር፤ እኔ ግራ ክንዷን ይዤ፣ ሁለቱ ሴቶች ወገቧን ይዘው፣ እትዬ ደረቷን ደግፈው ነው ወለሉ ላይ ሳትደርስ ያገኘናት።

ሲመሽ፣ ሰው ቡድን ቡድን ሆኖ ሲቀመጥ፣ ጋሼ አጠገቤ መጡ። «እዚህ እስክትገባ አላወቀችም አይደል?» አሉኝ።

«አላወቀችም» አልኳቸው።

ተገልብጦ የተለበሰውን ነጠላ አዩት፤ ከእሱ ወደ እኔ አዩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ጎበዝ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አለፈ። እሷ ሃውቶርን ቤት ይዛ ወጣች፤ ወንድሟ ቆስሎ ከጦሩ ተሰናበተና ደብዳቤው መምጣት ጀመረ። ግራጫውን ሹራብ ለማንም አልሰጠችም፤ ክረምት ክረምት ሥራ ለብሳው ትሄዳለች፣ ትከሻው ይሰፋታል። እኔ አሁንም እዚያችው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ መስኮቴ ላይ ቆመች። ሳትደውል መጥታ አታውቅም። ከአለቃዬ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች፤ ከኋላዋ የሚተካኝ ልጅ ቆሟል።

«ያቺ ንግሥት ተመልሳ መጥታለች» አለችኝ። «ሁለተኛውን ክፍል እኮ ሳታዪው ነው የቀረሽው።»

ፈገግ ብላለች። ትከሻዋ ላይ ያንጠለጠለችው ቦርሳ ግን ትልቅ ነው፤ እሷ ትልቅ ቦርሳ አትይዝም። ባለፈው ሳምንት ቤቴ ገብታ ልብስ አብራኝ ስታጥፍ ነበር፤ ነጠላዬ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። አባቴ ክረምቱን ሁሉ ታሞ ከርሟል። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ታናሽ እህቴ ልትወልድ ቀኗ ደርሷል።

ጥያቄው አፌ ላይ መጣ። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ጠበቀችኝ፤ ብጠይቃት ኖሮ የምትነግረኝ ይመስለኛል።

«መሀሏ ላይ ዕረፍት አላት አይደል?» አልኳት።

«አላት።»

ቁልፉን ለልጁ ሰጠሁና ወጣሁ። ሲኒማ ቤቱ እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ጃኬቴን ግን ወንበሩ ላይ ትቼው ሄድኩ።